ከአሽቀሎን አፈር እስከ አሽቀሎን ባሕር፦ በከተማችን የተካሄዱ ምርምሮች ታሪክ

አዲስ የገቡ ወላጆች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመጡት የዕብራይስጥ ቃላት መካከል «መሕቃር» የሚለውን ሳይሰሙ አይቀሩም። በአማርኛችን ምርምር ማለት ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ንቦች ሁለት ገጽ ጽፎ «መሕቃር ሠራሁ» ይላል፤ ዩኒቨርሲቲ የገባች እኅቱም ለዲግሪዋ የምታቀርበውን ወፍራም ጥራዝ በዚያው ስም ትጠራዋለች። ብዙዎቻችን ቃሉን ስንሰማ የሚታየን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ጠርሙስ ይዞ ሲነቀንቅ ነው። እንዲህ ያለው ምርምር መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ምርምር ከዚያ እጅግ ይሰፋል። አፈር እየቆፈረ የጥንት ሰው ምን ይበላ እንደነበር የሚጠይቅ አለ፤ የግድግዳን አሠራር የሚመረምር አለ፤ የባሕር ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ የሚያስብ አለ፤ ሰዎች በችግር ጊዜ እንዴት እንደሚረዳዱ ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ የሚያነብም አለ። ይህን ሁሉ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የምንኖርባት አሽቀሎን ብቻዋን ትበቃለች።

አንድ ነገር አስቀድመን እናስታውስ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። «ከዘመናችን በፊት» የምንለውም በዕብራይስጥ «ሊፍኔ ሀስፊራ» የሚባለው ነው።

ወርቅ ፈላጊዋ እመቤት

ከተማችን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና ትባላለች። ሶምሶን ወርዶ ሠላሳ ሰዎች የገደለባት፣ ዳዊትም ሳኦልና ዮናታን በሞቱ ጊዜ መርዶው እንዳይወራባት የለመነላት የፍልስጥኤማውያን ከተማ ናት። የጥንቷ ከተማ ቦታ ዛሬ በባሕሩ ዳር ያለው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ ስልሳ ሄክታር ያህል፣ በአገራችን መለኪያ አንድ ጋሻ ተኩል ግድም ይሆናል። በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላው በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆለመመ የአፈር ካብ ይከበዋል።

በዚህ ቦታ ላይ መጀመሪያ በአሳብ የቆፈረች ሌዲ ሄስተር ስታንሆፕ የምትባል እንግሊዛዊት እመቤት ናት። ጊዜው 1815 ነው። በአንድ አሮጌ ጽሑፍ ላይ በአሽቀሎን ብዙ ወርቅ ተቀብሯል የሚል አንብባ፣ ከቱርክ መንግሥት ፈቃድ አውጥታ፣ ሠራተኞች ይዛ መጣች። ወርቁ አልተገኘም። የተገኘው ራስ የሌለው ትልቅ የእብነ በረድ የወታደር ሐውልት ነበር። እመቤቲቱ ታዲያ ሐውልቱን አስፈልጣ ስብርባሪውን ወደ ባሕር አስጣለችው። ምክንያቷ ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ የመጣችው የጥንት ዕቃ ለራሷ ለመዝረፍ እንዳልሆነ ለሱልጣኑ ለማሳየት ፈልጋ ነበር ይባላል። ሰው ታማኝነቱን ለማስመስከር ቅርስ ሲሰብር ይህ ምናልባት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም!

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን፣ ከ1920 እስከ 1922 ጆን ጋርስታንግ የሚባል የአርኪዮሎጂ ሊቅ ቆፈረ። ከእርሱ ጋር የነበረው ፊቲያን አዳምስ ደግሞ ጉብታውን እንደ ዳቦ ቆርጦ በጎኑ ተመለከተው። በዚያን ጊዜ ነው አፈሩ ንብርብር መሆኑ የታየው። ከታች ያለው የቀደመ፣ ከላይ ያለው የኋለኛ ነው፤ በመካከል ጥቁር አመድ ከተገኘ ከተማዋ በዚያ ጊዜ ተቃጥላለች ማለት ነው። ሀብት ፈላጊው ዕቃውን ብቻ ያያል፤ ተመራማሪው ግን ዕቃው በየትኛው ንብርብር ላይ፣ ከምን አጠገብ እንደተኛ ይጠይቃል። ከቦታው ተነቅሎ የወጣ ዕቃ ግማሽ ታሪኩን እዚያው ጥሎት ይወጣል።

ትልቁ ቁፋሮ የተጀመረው በ1985 ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሎረንስ ስቴገር መሪ ሆኖ፣ ሊዮን ሌቪና ባለቤቱ ሼልቢ ዋይት ገንዘቡን ሰጥተው፣ እስከ 2016 ድረስ በየበጋው ማለት ይቻላል ሥራው ቀጥሏል። ኋላም ዳንኤል ማስተር የሚባል ሌላ ምሁር ከስቴገር ጋር መሪነቱን ተጋርቷል። ስቴገር በ2017 መጨረሻ ዐረፈ። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ጉብታ ላይ! በዚያ ሥራ ላይ አፈር ቆፋሪ ብቻ አልነበረም። የአጥንት ሊቅ፣ የእህል ፍሬ ሊቅ፣ የሕንፃ ሠዓሊ፣ የአሮጌ ጽሑፍ አንባቢ፣ የኬሚስትሪ ባለሙያ ሁሉ ተሰልፈውበታል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ዘመንን የሚናገረው ግን ገል ነው። ወርቅ ይሰረቃል፣ እንጨት ይበሰብሳል፤ የተሰበረ ማሰሮ ግን ማንም አይፈልገውምና እዚያው ይቀራል። የማሰሮው ከንፈር ወደ ውጭ ከታጠፈ በዚህ ዘመን፣ ወደ ውስጥ ከሆነ በዚያ ዘመን እያሉ ሊቃውንቱ ይለያሉ። የጭቃውን ምንጭ፣ የእሳቱን ኃይል፣ ሠሪው በእጅ ወይም በመሽከርከሪያ መሥራቱን ከገሉ ያነባሉ። በወለቃና በየመንደሩ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ እናቶቻችን ይህን ዕውቀት ሳይጻፍ በእጃቸው ይዘውት ኖረዋል። በአገራችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ እንደኖረ አዋቂ ሁሉ ያስታውሳል። እዚህ ግን አንድ ተማሪ የገል ዓይነት ለመለየት ዓመታት ይማርበታል። አያቶቻቸው ሸክላ ሲሠሩ ያዩ ልጆች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው እንላለን።

የጭቃው በርና የብሩ ጥጃ

ወደ ፓርኩ የሚሄድ ሁሉ ሳያየው መመለስ የሌለበት በጉብታው ሰሜን በኩል ያለው የከነዓናውያን በር ነው። ከዘመናችን በፊት 1850 ገደማ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ላይ ሆነን ስንቆጥር 3,800 ዓመት ይሆነዋል። ግንቡ ጭቃ ጡብ ነው፤ ጭቃ ተቦክቶ፣ በፀሐይ ደርቆ። ከላይ የተዘጋው በቅስት ነው። በዓለም ላይ ካሉት ቅስት በሮች እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት አንዱ መሆኑን ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ብዙ ሰው ቅስትን የፈለሰፉት ሮማውያን ይመስለዋል። ሮማውያን ከተማ ሳይኖራቸው ከሺህ ዓመት በፊት የአሽቀሎን ግንበኞች በጭቃ ቅስት ሠርተው ከነአህያው ከነጭነቱ ሰው ያሳልፉበት ነበር።

ቅስት ቀላል ነገር አይደለም። ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይበጠሳል። በጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ክብደቱ ወደ መካከል ይጎትታል፤ በቅስት ላይ ግን እያንዳንዱ ጡብ ጎረቤቱን እየገፋ ክብደቱን ወደ ግራና ቀኝ ግድግዳ ያወርደዋል። ስለዚህ በደካማ ጡብ ጠንካራ በር ይሠራል። ያ ግንበኛ ቀመር አልጻፈም፤ ሒሳቡን ግን በእጁ ያውቀው ነበር። የጎንደርን የፋሲል ግንብ ያየ ሰው በሮቹና መስኮቶቹ ቅስት መሆናቸውን ያስታውሳል። በዚያ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ግንባታ ላይ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደሠሩበት የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ ሽማግሌዎቻችንም ይህንኑ ሲያወሩ ኖረዋል።

በዚሁ በር አቅራቢያ፣ በካቡ ቁልቁለት ላይ፣ በ1990 በጋ አንድ ትንሽ ነገር ተገኘ። የሸክላ ቤት፣ እንደ ትንሽ ጎጆ ያለ፣ በውስጡም ከነሐስ ተሠርቶ በብር የተለበጠ ጥጃ። ቁመቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል። ዕድሜው ከ3,500 ዓመት በላይ ነው። ከባሕር ወደ ከተማዋ የሚገባ ነጋዴ በመንገዱ ላይ ለዚህ ጥጃ ይሰግድ እንደነበር ይገመታል። በኦሪት ስለ ወርቁ ጥጃ፣ በነገሥትም ኢዮርብዓም በቤቴልና በዳን ስላቆማቸው ጥጆች ለሰማን ሰዎች ይህ ተራ ዕቃ አይደለም፤ ነቢያት የተቆጡበት ነገር ምን ይመስል እንደነበር በዓይን ያሳያል። ጥጃው በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ተቀምጧል። ጥጃው ከአፈር ከወጣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሜይ 1991፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ መጡ።

ስለ ውሾቹም ጥቂት እንበል። በፋርሶች ዘመን፣ ማለትም ከዘመናችን በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን ግድም፣ አንድ ሺህ የሚያልፉ ውሾች እያንዳንዳቸው በየጉድጓዳቸው በጎናቸው ተጋድመው፣ ጅራታቸው በእግራቸው ዙሪያ ተጠምጥሞ ተቀብረው ተገኝተዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቡችሎች ናቸው። የመታረድ ምልክት የለባቸውም። ስቴገር ውሾቹ ከፈውስ አምልኮ ጋር የተያያዙ ናቸው ብሎ አሰበ፤ ሌሎች ሊቃውንት ግን አልተስማሙም፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ውሻን ከደጅ ለማናስገባው ለእኛ ነገሩ እንግዳ ነው።

ሽንኩርቱ ደግሞ የቤታችን ጉዳይ ነው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ከአሽቀሎን የሚመጣ ጥሩ ሽንኩርት እንደነበር ጽፈዋል፤ ላቲኖችም በከተማይቱ ስም ጠሩት። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ስዊድናዊው ሊኒየስ ለዕፅዋት ሁሉ ስም ሲያወጣ ዘለላ እየሆነ የሚበቅለውን ትንሹን ቀይ ሽንኩርት «አልየም አስካሎኒኩም»፣ የአሽቀሎን ሽንኩርት ብሎ መዘገበው። የዛሬ ዕፅዋት አጥኚዎች ከተራው ሽንኩርት ጋር ይደምሩታል እንጂ ስሙ በመጻሕፍት ቀርቷል። ይህም በአገራችን የሐበሻ ሽንኩርት የምንለው፣ ዶሮ ወጥ ያለ እርሱ አይጥምም የሚባልለት ዓይነት ነው። እንግዲህ ሴቶቻችን በገበያ ሲፈልጉት የሚውሉት ሽንኩርት ስሙን የያዘው ከዚህችው ከተማ ነው።

አጥንት ሲመረመር

ከዘመናችን በፊት በ604፣ በኪስሌቭ ወር፣ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር አሽቀሎንን አጠፋት። ይህ በባቢሎናውያን የጭቃ ጽላት ላይ ተጽፏል፤ ከአፈሩም ተረጋግጧል። የተቃጠለ የወይን መጭመቂያ፣ የገበያ መንገድ፣ የተሰባበሩ ጋኖች፣ ራስ ቅሏ የተመታ የአንዲት ሴት አጥንትም ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ፍልስጥኤማውያን ሕዝብ ሆነው በታሪክ አልታዩም። ግን ከመጀመሪያውስ ከየት መጡ? ነቢዩ አሞጽ በዘጠነኛው ምዕራፍ ከከፍቶር እንደመጡ ይናገራል። የሚገርመው ያው ቁጥር የሚጀምረው የኩሽን ልጆች በመጥቀስ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ጥቅሱን በደንብ ያውቁታል። ከፍቶርን ብዙ ሊቃውንት የቀርጤስ ደሴት ናት ይላሉ።

በ2013 ቆፋሪዎቹ ከካቡ ውጭ የፍልስጥኤማውያንን መቃብር አገኙ፤ ዜናውም በ2016 ለዓለም ተነገረ። ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች የተቀበሩበት ነው። በአንዳንዶቹ ፊት አጠገብ ትንሽ የሽቶ ጠርሙስ ተቀምጧል። በ2019 ደግሞ በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ከአሽቀሎን አጥንቶች የወጣ የዘር ምልክት፣ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን፣ አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ። ከ108 የአጥንት ናሙናዎች መልስ የሰጡት የአሥር ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሙቀትና ጨዋማ አፈር ቀሪውን አጥፍቶታል። ከእነዚያ መካከል ከዘመናችን በፊት በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ግድም በቤት ወለል ሥር የተቀበሩ ሕፃናት ነበሩበት። በእነርሱ ላይ ከደቡብ አውሮፓ የመጣ ዘር ታየ። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ በተቀበሩት ላይ ግን ያ ምልክት ደብዝዟል። በባሕር የመጡት ሰዎች ከአገሬው ጋር ተጋብተው፣ ከሁለት መቶ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በደም አገሬውን መስለዋል፤ ስማቸውንና ከተማቸውን ግን እስከ 604 ይዘው ቆይተዋል። የፍልሰትና የመላመድ ነገር እንግዲህ በዚህች ከተማ አዲስ አይደለም።

ስለ ዘርና ስለ ደም የሚደረግ ምርምር ግን ሁልጊዜ ስለ ሙታን ብቻ አይደለም። ነባር ነዋሪዎች ሁሉ የሚያስታውሱትን አዲስ ገቢዎች ላያውቁት ይችላሉ። በጃንዋሪ 1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ለእነርሱ ሳይነገር ሲጣል እንደነበር ጋዜጣ አወጣ። የተሰጠው ምክንያት የኤድስ በሽታ በማኅበረሰቡ ውስጥ ከሌላው ሕዝብ ይበልጣል የሚል የቁጥር ጥናት ነበር። በዚያው ወር በ28 በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። በእኛ አስተያየት እዚያ የተበደለው ሁለት ነገር ነው፤ ሰው በራሱ ሳይሆን በወገኑ መቆጠሩ፣ ደግሞም ለጋሹ እየታመነ መታለሉ። ቁጥር ትክክል ሆኖ አሠራሩ በደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ ወደ ቤታችሁ መጥቶ መጠይቅ ሲያቀርብ ወይም የደም ናሙና ሲጠይቅ፣ ለምን እንደሆነ፣ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ እምቢ ማለት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ፊርማም ከመፈረም በፊት ወረቀቱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይነበብልን ማለት ነውር አይደለም።

እኛም ብንሆን ስንመረመር ኖረናል። በ1867 ጆሴፍ ሃሌቪ የሚባል የቋንቋ ሊቅ ከፓሪስ ተልኮ ወደ ጎንደር አካባቢ መጣ። ወገኖቻችን ነጭ አይሁዳዊ አለ ሲባሉ ለማመን እንደተቸገሩ እርሱ ራሱ ጽፏል። የእርሱ ተማሪ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 መጣ፤ እርሱ ግን ጽፎ ብቻ አልተመለሰም፤ ወጣቶችን ወስዶ አስተማረ። ከእነዚያ አንዱ ከጎንደር አጠገብ ከአዘዞ የተወለደው ታምራት አማኑኤል ነው። በፓሪስና በፍሎረንስ ተምሮ፣ ብዙ ቋንቋ አውቆ፣ በ1923 በአዲስ አበባ ለተከፈተው የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት መሪ ሆነ። በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፈ። ሌላው ዮና ቦጋለ ነው፤ የወለቃ ልጅ፤ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምሮ ተመልሶ መንደር ለመንደር ትምህርት ቤት ሲያቋቁም የኖረ፣ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ያዘጋጀ። በ1979 ወደ እስራኤል ገብቶ በ1987 ዐረፈ። መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ከምርምር ሁሉ አድካሚው ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ አንዲት ቃል ለመተርጎም ሁለት ሕዝብ ማወቅ ያስፈልጋልና።

ለማኅበራችን ቅርብ የሆነ አንድ ጥናት ደግሞ አለ። በካይሮ አሮጌ ምኩራብ ግምጃ ቤት፣ ጌኒዛ በሚባለው፣ ለዘመናት የተከማቹ ወረቀቶች ነበሩ። ሽሎሞ ዶቭ ጎይታይን የሚባል ሊቅ እነዚህን ወረቀቶች ሲያነብ ከአሽቀሎን የተላከ ደብዳቤ አገኘ። ጊዜው 1100 ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1099፣ የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን ይዘው ብዙ ሰው ገድለው፣ የተረፉትን ማርከው ነበር። አሽቀሎን ገና በግብፅ እስላሞች እጅ ነበረች። የከተማዋ አይሁድ ሽማግሌዎች ገንዘብ እያዋጡ ምርኮኞችን ይዋጁ ጀመር፤ ሰው ብቻ ሳይሆን የተዘረፉ የኦሪት ጥቅልሎችንና መጻሕፍትንም ጭምር። በደብዳቤው ላይ ስንት መጽሐፍ እንደተዋጀ፣ ስንት ሰው እንደታመመባቸው፣ ስንት ብር እንደተበደሩ ቆጥረው፣ በግብፅ ያሉ ወንድሞቻቸው እንዲያግዟቸው ይለምናሉ። በእጃቸው ያለቀውን ገንዘብ ሒሳብ ማቅረባቸውን ልብ በሉ። ዕድርና እቁብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ደብዳቤ ምንም ትርጉም አያስፈልገውም። ይህ ሁሉ የታወቀው አንድ ሰው አሮጌ ወረቀት በትዕግሥት ስላነበበ ነው።

የከተማዋን የኋላ ታሪክ በአጭሩ እንለፈው። በ1153 የመስቀል ጦረኞች ያዟት፤ በ1191 ሳላዲን ጠላት እንዳይጠቀምባት ራሱ አፈረሳት፤ በ1270 ደግሞ የግብፁ ሱልጣን ባይባርስ ጨርሶ ባድማ አደረጋት። በአጠገቧ የነበረችው የመጅደል ከተማ የዐረብ ነዋሪዎች ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ፣ የመጨረሻዎቹም በ1950፣ ወደ ጋዛ ሄዱ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ አይሁድ ያቋቋሙት ሰፈር አፍሪዳር ተባለ፤ «አፍሪካ» እና «ዳሮም»፣ ማለትም ደቡብ፣ ከሚሉት ሁለት ቃላት ተቆርጦ የተሰፋ ስም ነው። ሰፈሩ እንደ ሌሎቹ የዚያ ዘመን ሰፈሮች በጥድፊያ የተደረደረ አልነበረም፤ አስቀድሞ በንድፍ ተነድፎ፣ ለየቤቱ አትክልት ቦታ ተተውሎት የተሠራ ነው።

ጨው የወጣለት ባሕር

ውሃ በእንስራ ከወንዝ ለቀዱ እናቶች የቧንቧ ውሃ ብቻውን ተአምር ነው። በአሽቀሎን ግን ከቧንቧው ከሚመጣው ውሃ ከፊሉ ትናንት ባሕር ነበር። በከተማችን ደቡብ የተሠራው የባሕር ውሃ ማጣሪያ በ2005 ሥራ ሲጀምር በዓይነቱ በዓለም ትልቁ ነበር፤ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ያመርታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሊትር የባሕራችን ውሃ ውስጥ 40 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ይህን ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን መሰብሰብ ይቻላል፤ ግን ነዳጁ ብዙ ነው። ሌላው መንገድ ውሃውን በጣም ስስ በሆነ ሽፋን፣ ሜምብሬን በሚባለው፣ በኃይል መግፋት ነው። ውሃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል። ጠላ በወንፊት ስናጠልል አንቡላው እንደሚቀር ቢመስልም ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ጨው ውሃ ውስጥ ሟምቷልና ተራ ወንፊት አይዘውም፤ የሚገፋውም ኃይል በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ከሃያ አምስት ጊዜ በላይ ይሆናል።

ይህን ሽፋን ለሥራ ያበቁት ሲድኒ ሎብ የሚባል አሜሪካዊ አይሁዳዊ መሐንዲስና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን የሚባል ሕንዳዊ ናቸው። በ1959 ግድም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ሲሠሩ፣ ከዚያ በፊት ጠብ ጠብ ብቻ ያሳልፍ የነበረውን ሽፋን ብዙ እጥፍ እንዲያሳልፍ አደረጉት። ሎብ ኋላ ወደ እስራኤል መጥቶ በኔጌቭ ዩኒቨርሲቲ በቤርሼባ አስተማረ፤ በ2008ም ዐረፈ። ከዚያ ሙከራ እስከ አሽቀሎን ፋብሪካ አርባ ስድስት ዓመት ሆኗል። ምርምር ማለት እንደ ቡና ተክል ነው፤ ዛሬ ተተክሎ ነገ አይለቀምም።

ይሁንና ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2007 የእስራኤል የእርሻ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በሚባለው ታላቅ መጽሔት አንድ ያልታሰበ ነገር አሳወቁ። ማጣሪያው ጨውን ሲያስቀር ማግኒዥየም የሚባለውን ጠቃሚ ማዕድንም አብሮ ያስቀራል። ከአሽቀሎን ውሃ የጠጡ አትክልቶች፣ ቲማቲምና በሶብላም ሳይቀሩ፣ የማዕድን እጥረት ምልክት ታየባቸው። ኋላም ሐኪሞች ከሰው ልብ ጤና ጋር ያለውን ግንኙነት ማጥናት ያዙ፤ ማግኒዥየም ወደ ውሃው ይመለስ የሚሉም ተነሡ፤ ከወጪው ጋር ክርክሩ ቀጠለ። ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ማንም ከመጠጣት አይከልከል። የምንለው መሐንዲሱ የፈታውን ነገር ገበሬው እንደገና እንደ ጥያቄ እንዳነሣው ነው።

በባርዚላይ የተነሣው ክርክር

በመጨረሻ የምናነሣው ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀውን ቦታ ነው። በ1961 የተከፈተው የባርዚላይ ሆስፒታል ከጋዛ ሮኬት መውደቅ በጀመረ ጊዜ ከጥቃት የሚከላከል አዲስ ሚዩን፣ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል፣ እንዲሠራለት ተወሰነ። መሠረቱ ሲቆፈር ግን ጥንታዊ መቃብሮች ተገኙ። በአንድ በኩል የሙታንን አጥንት ማንሣት በሃይማኖት የተከለከለ ነው የሚሉ ረቢዎችና ወገኖቻቸው ቆሙ፤ በሌላ በኩል ሐኪሞችና የከተማው ሰዎች ለሕያዋን ቅድሚያ ይሰጥ አሉ። በማርች 2010 መንግሥት ሕንፃው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ብሎ ወሰነ፤ ይህም ብዙ ሚሊዮን ሼቄልና ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ ነበር። የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በዚህ ምክንያት ሥራውን ለቀቀ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ጉዳዩም እንደገና ታየ። የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ሊቃውንት መቃብሮቹን አጥንተው የአይሁድ አይደሉም፣ የአረማውያን ናቸው አሉ። በሜይ 2010 ፖሊስ ተቃዋሚዎችን እየከለከለ አጥንቶቹ ተነሥተው ሕንፃው በመጀመሪያው ቦታ ቀጠለ።

ለእኛ ለቤተ እስራኤል ይህ ክርክር ባዕድ አይደለም። ከሞተ ሰው ጋር የተነካካ ስንት ቀን እንደሚለይ፣ እንዴት እንደሚነጻ የተማርነው ገና በልጅነታችን ነው። ወደ ሱዳን በወጡት መንገድ ላይ የቀሩትን ሙታናችንንም አጥንታቸው የት እንዳለ የምናስብ ሰዎች ነን። ስለዚህ አጥንት አይነካ ያሉትን ሰዎች ልብ እንረዳለን። የእነዚያ መቃብሮች ነገር ግን በስሜት ብቻ የሚፈታ አልነበረም፤ እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ፣ አጥንትንና ገልን የሚያነብ ሰው ማስፈለጉ ግድ ሆነ። ግንበኛው፣ ሐኪሙ፣ የሕግ ሰውና የሃይማኖት ሰው ሁሉ የዚያን ሰው ቃል ጠበቁ።

አዲሱ ሚዩን በ2018 ተከፈተ። በኦክቶበር 2023 ከተማችን ቀን ከሌሊት በሮኬት ስትደበደብ የሆስፒታሉ ግቢ ራሱ ተመታ፤ የሕፃናት ዕድገት ማዕከሉም ተጎዳ። ቁስለኞች ወደዚያ የተከለለ ክፍል ይገቡ ነበር።